ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ቤት ከመረከባችሁ በፊት እንዴት እንደምታዩት

ሰው ቤት እይልኝ ብሎ ሲጠራኝ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ሴራሚኩንና የሳሎኑን ጂፕሰም ነው፣ እኔ ግን ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የምሄደው። ደሴ ላይ ቤት የሚገድለው ውሃ ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ካላያችሁ ሌላው ሁሉ ቀለም ነው።

ስለዚህ ከተቻለ ዝናብ እየዘነበ ሂዱ። ጓሮው ተቆርጦ የድጋፍ ግንብ ተሰርቶ ከሆነ ግንቡ ላይ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ አለ ወይ? ብዙ ጊዜ ቱቦው ለይምሰል ተቀብሮ ከኋላው ጠጠር ሳይሆን ዝም ብሎ አፈር ይሞላበታል፣ ያ ቱቦ በአንድ ክረምት ይደፈናል፣ ከዛ ውሃ የጠገበው አፈር ግንቡን ይገፋዋል። ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ጣሉበትና እዩ፣ ሆዱን ገፍቶ ከሆነ ወይ ወደ ቤቱ ካዘነበለ በዋጋ መደራደር አይደለም፣ መጀመሪያ መሀንዲስ ይየው። ከግንቡ በላይም ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ መኖር አለበት።

ሁለተኛው የደሴ ችግር ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተሞልቶ የተሰራ ቤት ነው። የላይኛው ጎን አለት ላይ ያርፋል፣ የታችኛው ሙሌት ላይ፣ ሙሌቱ ሲሰምጥ ቤቱ ለሁለት ይጎተታል። ምልክቱ ከመስኮት ወይ ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስደነግጥም፣ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ከተጠራጠራችሁ የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ ምልክትና ቀን ጻፉ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፉ፣ ከክረምት በኋላ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደግሞ ጥቁር አፈር ካጋጠማችሁ ነገሩ ይለያል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ያያችሁት አፈር በክረምት አብጦ ወለሉን ያነሳዋል፣ ስለዚህ ገና እየሰራችሁ ከሆነ ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ ገረገንቲ (የማያብጥ የሙሌት አፈር) አስገቡ፣ እሱንም በአንዴ ደፍቶ አይደለም፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲም እየደለደሉ እያጠጡ እየጠቀጠቁ ነው።

ኮንክሪት ሲሞላ ከቦታው አትጥፉ። ፎርማኑ ዞር ሲል ለሥራ እንዲቀል ውሃ ይጨመርበታል፣ የጨመሩት ውሃ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚከብድ ሶሌታና ኮለኑን (የኮንክሪት ወለሉንና ምሰሶውን) ቢያንስ 7 ቀን በጆንያ ሸፍናችሁ አጠጡት። ፎርማው (ኮንክሪቱ የተሞላበት ሳጥን) ሲወልቅ ጠጠሩ ብቻ ያፈጠጠበት ወይ ብረቱ የሚታይበት ቦታ ካለ ሳይለሰን ፎቶ አንሱና ጠይቁ፣ ልስን ከገባ በኋላ ማን ያያል? የስታፋው (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ፌራዮዎች (ብረት አሳሪዎቹ) 90 ላይ ማቆም ይወዳሉ፣ ግን እሱ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይከፈታል፣ እኛ ደግሞ ያለነው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያዩ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ።

መታጠቢያ ቤት ላይ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የወለሉን ፍሳሽ ደፍናችሁ 3 ሳንቲም ያህል ውሃ ሙሉበትና 24 ሰዓት ተዉት፣ በማግስቱ ከታች ያለውን ኮርኒስ ወይ ግድግዳ እዩ። ይሄን ፈተና እምቢ የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አጃኢብ ነው፣ መልሱን ነገራችሁ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) መኖሩን፣ ሻወር ማሞቂያውና ምጣዱ የየራሳቸው ብሬከር እንዳላቸው ብቻ አረጋግጡ፣ ሌላውን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወፍራም ነው፣ 32 ብሎ 35 የሚሸጥ ስላለ ለክቶ የሚሰጣችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድም ከቤቱ በታች በኩል ይሁን፣ ግን የታችኛው ጎረቤት ግንብ ላይ እንዳያርፍ፣ በዚህ ስንት ሰው ተጣልቷል።

ከገባችሁ በኋላ አሸንዳና ቦይ በዓመት ሁለቴ ይጠረግ፣ ጥር ላይ በልጉ ሳይመጣ፣ ግንቦት መጨረሻ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ። የደሴ ጉምና ብርድ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያመጣል፣ ቀለም ደራርባችሁ አታሸንፉትም፣ ፀሐይ ስትወጣ መስኮት ክፈቱ፣ ቁምሳጥኑንም ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። ለኮንትራክተሩ የሚቀረውን ክፍያ ደግሞ ነሐሴ ሳያልፍ፣ ክረምቱ ቤቱን ሳይፈትነው አትጨርሱለት፣ ይሄን ውሉ ላይ መጀመሪያውኑ አስገቡት፣ ቤቱ አልቆ ከተረከባችሁ በኋላ ብታነሱት ማንም አይሰማችሁም።