ከሱስ እያገገመ የሚማርን ልጅ ስንደግፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሱስ ወጥቶ ወደ ካምፓስ የተመለሰን ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ትምህርቱ አይደለም። ከክፍል በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ፈተና ያልቃል፣ ዶርሙ ይራገፋል፣ ሁሉም «እንውጣ» ይላል። እሱስ የት ይሂድ? ልንረዳው የምንፈልግ ጓደኞች፣ ቤተሰቦችና መምህራን ግን ይህን ጥያቄ ትተን ሌላ ሌላውን እንነካካለን።

«አቁሟል፣ አለቀ» ማለት

ማቆም መጀመሪያው ነው። ሰውነት ከመጠጡ ወይም ከዕፁ ቢጸዳም እንቅልፍ፣ ስሜትና ትኩረት እስኪስተካከሉ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ኮርስ ቀንሶ መጀመር ስንፍና አይደለም። በነገራችን ላይ ይህን ምክር ተማሪው ራሱ ብዙም አይወደውም፤ የባከነበትን ጊዜ ባንዴ ማካካስ ነው የሚያምረው።

ፖሊስ መሆን

ሲገባ ትንፋሹን ማሽተት፣ ቦርሳውን መበርበር፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲታይ «ምን ወስደህ ነው?» ማለት። ሲያጠና ያደረ ልጅም እኮ ዓይኑ ይቀላል። ሁሌ የሚጠረጠር ሰው የከፋው ቀን ለማንም አይናገርም። መደበቅ ደግሞ ከሱሱ ጋር የለመደው ነገር ነው፤ መልሰን አናስተምረው። ክትትል ካስፈለገ ከሐኪሙ ወይም ከአማካሪው ጋር ራሱ ይስማማበት።

«አንድ ብቻ» ማለት፣ ወይም ጭራሽ አለመጥራት

ሁለቱም ጥፋት ነው። ሁለተኛው ግን በጎ ስለሚመስል ማንም አያርመውም። ልደት አለ እንበል። የዶርሙ ልጆች «እሱን እንዳንፈትነው» ብለው ሹልክ ይላሉ። ማታ ፎቷቸውን ስልኩ ላይ ያየዋል። የደረሰው መልእክት «ከእኛ ጋር አትሆንም» የሚል ነው። ብቸኝነት ደግሞ ሰውን ወደ ሱሱ ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ ነው።

ንገሩትና ምርጫውን ለእሱ ተዉለት። «መጠጥ ይኖራል። ከመጣህ እኔም ለስላሳ ነው የምጠጣው፤ ሲደብርህ አብረን እንወጣለን» ማለት ይበቃል። እዚያ ስትደርሱ ለምን እንደማይጠጣ ለሰው አታስረዱለት፤ ሚስጥሩ የእሱ ነው። ከዚህም የሚሻለው መጠጥ የሌለበት ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው፦ ኳስ፣ ፊልም፣ የእግር ጉዞ። እውነቱን ለመናገር፣ መጠጣት ሳይፈልጉ በይሉኝታ የሚጠጡ ሌሎች ልጆችም እፎይ ይላሉ።

«መድኃኒቱም ያው ሱስ ነው»

ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ለኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ላሉ ዕፆች) ሱስ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። በአግባቡ ሲወሰዱ አምሮቱን ያበርዳሉ፣ የሞት አደጋንም ይቀንሳሉ። «እስከ መቼ በኪኒን?» ብሎ ማስቆም የጓደኛም የአባትም ሥልጣን አይደለም።

ገና ያላቆመውንም «ዛሬውኑ ቁረጥ» ብሎ ክፍል ውስጥ መዝጋት አያዋጣም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሲያገረሽበት ጥሎ መሄድ ወይም መሸፋፈን

ማገርሸት ብዙዎችን ያጋጥማል። ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ መስተካከል ያለበት ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። ለሳምንታት ያቆመ ሰው ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ያጣል። ድሮ የለመደው መጠን ዛሬ ሊገድለው ይችላል። ኦፒዮይድ የወሰደ ልጅ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ «ተኝቶ ይለፍለት» አይባልም። ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ። የኦፒዮይድን ጉዳት የሚመልሰው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ ካለ ይሰጠው። «ከትምህርት ይባረራል» ብሎ በር መዝጋት ጓደኛን ያሳጣል። ሲነቃም ስድብ አይቅደም፤ ወደ ሕክምናው የሚመልሰው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ፖስተር ለጥፎ መቀመጥ

ይህ የዩኒቨርሲቲዎች ስህተት ነው። «ሱስ ይገድላል» የሚል ፖስተር ላቆመ ተማሪ ምንም አይጨምርለትም። አሜሪካ ውስጥ ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቴክሳስ ቴክ ደግሞ በ1986 ለሚያገግሙ ተማሪዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ጀመሩ። ሩትገርስ በ1988 አልኮልና ዕፅ የማይገባበት የተለየ ማደሪያ ከፈተላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚሰባሰቡበት ክፍል፣ በዚያው መንገድ ያለፉ ጓደኞች፣ ሱሱን የሚያውቅ አማካሪ። ማደሪያ መለየት ለማይችል ተቋም አንድ ክፍልና የታወቀ የስብሰባ ሰዓት ጥሩ ጅምር ነው፤ ሰዓቱ ከክፍል ጋር አይጋጭ እንጂ።

የወረቀቱም ጣጣ አለ። ለሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ከሬጅስትራር እስከ ዲን ቢሮ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሕመሙን እንዲተርክ ይደረጋል። ጉዳዩን ይዞ የሚጨርስለት አንድ ሰው ይመደብለት፤ ቅጹ ላይም «በሕክምና ምክንያት» የሚለው ይብቃ።