ዝርያዎቹ ጥርት ብለው ከተለያዩ መጀመሪያ የናሙናውን ቱቦ ጠርጥሩ

ምልክት፦ የዱር አጥቢዎችን የአንጀት ባክቴሪያ ከሰገራቸው ወስዳችሁ አወዳድራችኋል። ግራፉ ላይ እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው ተሰብስቧል፤ አንድም ነጥብ ከሌላው አልተቀላቀለም። ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔ የምጨነቀው ያኔ ነው።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ የተለያየው ዝርያው ሳይሆን አያያዙ ነው። አንድ ቡድን የሜዳ አህያና የጎሽ ናሙና ይዞ መጣ። ልዩነቱ ጉድ ያሰኛል። የመስክ ደብተሩን ስናገላብጥ ነገሩ ወጣ። የሜዳ አህያው ፋንድያ ገና ትኩሱን 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ገብቷል። ለጎሹ ግን ኤታኖሉ ሊያልቅ ሲል በውሃ አቅጥነው 70 በመቶ አድርገውታል። ምን አለበት አዲስ እስኪመጣ ቢጠብቁ! 70 በመቶ እጅ ለማጽዳት ይሆናል፤ ናሙና ግን አያቆይም። እርጥብ እበት ሲገባበት ደግሞ ጭራሽ ይቀጥናል። በዚያ ላይ እበቱ የተነሳው በማግስቱ ነው። ሰገራ አየር ላይ ሲውል ኦክስጅን የማይችሉት የአንጀት ነዋሪዎች ይሞታሉ፤ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ኦክስጅን የሚችሉ ባክቴሪያዎች ግን ይባዛሉ። ቡድኑ «ጎሽ ኢ. ኮላይ ይበዛበታል» ብሎ ሊጽፍ ነበር።

መፍትሄ፦ ዝርያና አያያዝ ተጣብቀው ከመጡ የትኛውም ስታቲስቲክስ አይፈለቅቃቸውም። እንደገና ሰብስቡ። እንስሳው ሲጥል አይታችሁ፣ አፈር ያልነካውን የውስጡን ክፍል ውሰዱ። ማቆያው ለሁሉም አንድ ይሁን። ዲኤንኤ ስታወጡ በእያንዳንዱ ዙር ዝርያዎቹን ቀላቅሉ። ዛሬ ጎሽ፣ ነገ የሜዳ አህያ ማለት በፍጹም አይሆንም! የዲኤንኤ ማውጫ ኪቱንም (የተዘጋጀውን የኬሚካል ስብስብ) መሃል ላይ አትቀይሩ።

ቅጠል በል እንስሳ ላይ እንግዳ «ባክቴሪያ» ከበዛ ብዙ ጊዜ የተክሉ ክሎሮፕላስት ነው (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሴል ክፍል፤ ዲኤንኤው የባክቴሪያ ይመስላል)፤ አረጋግጣችሁ ከዳታው አውጡት።

የሌሊት ወፍ ናሙና ባክቴሪያው ትንሽ ስለሚሆን የኪቱ ብክለት ይውጠዋል። ናሙና የሌለበት ቱቦ አብራችሁ ካላስኬዳችሁ ውጤቱን አትመኑ።

ከአንድ እንስሳ የተወሰዱ 10 ቱቦዎች 10 እንስሳት አይደሉም።

የማን ሰገራ እንደሆነ ካጠራጠረ ዝርያውን የሚለየውን የእንስሳውን ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከዚያው ናሙና አንብቡ።

የአራዊት መጠበቂያ ናሙና ከዱር ናሙና ጋር አትደባልቁ። የአጥር ውስጥ ኑሮ ባክቴሪያውን ይቀይራል።

አንድ ምልክት ግን ስህተት ሊመስላችሁ ይችላል፦ ቀርከሃ በሉ ፓንዳ ሣር በሎቹን ትቶ ሥጋ በሎቹ ጎን ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በ60 የአጥቢ ዝርያዎች ላይ በታተመው ጥናትም እንዲሁ ነው የወደቀው። ምግብ ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረግም ይስባል። ያንን ናሙና እንዳትጥሉት።