የአየር ሽጉጥና የአየር ጠመንጃ ስታስመጡ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ቃሊቲ ዳር የምሠራ ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ አስለቃቂ) ነኝ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ከለገጣፎ መጥቶ ለኢላማ ተኩስ ልምምድ ሊያስመጣ ያሰበውን ዕቃ ኢንቮይስ አሳየኝ። «ጠመንጃው ችግር የለውም፣ ሽጉጡ ግን ክልክል ነው አሉ» አለኝ። ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ከእንግሊዝ ሕግ የተቀዳ ወረቀት አወጣ። አሁንም ያው ስህተት!

የእንግሊዝ ሕግ የሚሠራው እዚያው እንግሊዝ ነው። እዚያ የአየር ሽጉጥ ጉልበቱ ከ8.1 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ካለፈ ከክልክል መሣሪያ ይመደባል። ጠመንጃ ግን ከ16.3 ጁል ሲያልፍ የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ስለዚህ 10 ጁል ያለው መሣሪያ ሽጉጥ ከተባለ ክልክል ነው፣ ጠመንጃ ከተባለ አይደለም። ጀርመን ይህን ልዩነት አታውቅም፤ ለሁለቱም ወሰኑ 7.5 ጁል ነው። ስኮትላንድ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለተራው የአየር ጠመንጃም ፈቃድ ትጠይቃለች። እኛ ጋ የሚታየው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የሰው አገር ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ፣ እባካችሁ።

«የአየር» የምትለዋን ቃል መዝለል ሌላው ነው። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ሽጉጥ» ብዬ ብቻ ሞልቼ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጹን) በታሪፍ ቁጥር 9302 አስገባሁት፤ ይህ የባሩድ ሽጉጥ ምድብ ነው። የደንበኛዬ ዕቃ ሳምንታት መጋዘን ተቀመጠ፣ ኪራዩንም እሱ ከፈለ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በሞላ (በስፕሪንግ)፣ በአየር ወይም በጋዝ የሚተኩስ ሁሉ፣ ሽጉጥም ሆነ ጠመንጃ፣ ምድቡ 9304 ነው።

በጥይቱ ስፋት አትለዩ። በውድድር ሁለቱም 4.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። የሽጉጡ 1,500 ግራም፣ የጠመንጃው 5.5 ኪሎ የክብደት ጣሪያም የስፖርት ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም።

ፍጥነትን እንደ ጉልበት የሚጽፉም አሉ። 0.52 ግራም የምትመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 175 ሜትር ስትወጣ ጉልበቷ 8 ጁል ገደማ ነው፤ በዚያው ፍጥነት እጥፍ የምትከብደው 16 ይደርሳል። ፋብሪካውን ጁሉን በወረቀት ጠይቁት።

ለወጣቱ ኢንቮይሱን አስተካክሎ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ እስኪጠይቅ ዕቃውን እንዳያስጭን ነገርኩት።