ከሳጥን የወጣ የድሮ ገንዘብ፦ ዓመቱን ከማመናችሁ በፊት

ባንክ ውስጥ ቴለር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም የድሮ ሳንቲም በመሃረብ ቋጥሮ ይመጣብኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» እኔም መልሴ አንድ ነው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ መቼ እንደተሠራ እንወቅ። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም።

የሚያስፈልጓችሁ አጉሊ መነጽር፣ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛንና ትንሽ ማግኔት ናቸው። ሎሚ፣ አመድና የጥርስ ሳሙና ግን ይራቁ። ሳንቲም አይታጠብም። የተፈገፈገ ብር ያብለጨልጫል፤ ሰብሳቢ ግን ገና ሲያየው ዋጋውን ይቀንሳል።

ከትልቁ እንጀምር። ማርያ ቴሬዛ፣ ጠገራ ብር የምንላት፣ 1780 እ.ኤ.አ. ተጽፎባታል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም ያው 1780 እየተጻፈባት መቀረጹ ቀጠለ፤ ቪየና እስከ ዛሬ አልተወችውም። ጣሊያን አገራችንን ሊወር ሲነሳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ መቅረጫውን ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማምረት ጀመረ። እንግሊዞችም ብዙም ሳይቆዩ ለንደን ላይ ቀረጹ። ስለዚህ «ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። እውነተኛዋ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ስታረጅ ትንሽ ልትቀንስ ትችላለች። ማግኔት አይስባትም። ጠርዟን ስታዞሩ ከፍ ብለው የወጡ ፊደላት ጣታችሁ ላይ ይሰማሉ። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙውን ጊዜ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው የሚጋለጠው። ቀዳዳ ካላት ወይም ማንጠልጠያ ከተበየደባት አንገት ላይ ውላለች ማለት ነው። ለሰብሳቢ ዋጋዋ ይወርዳል፤ ለቤተሰብ ግን እኔ እንዲያውም ያችን ነው የማስቀምጠው።

የምኒልክ ብር ከዚች ጋር እንዲወዳደር ተብሎ በክብደቱ እኩል ሆኖ ፓሪስ ተሠራ። የመጀመሪያው ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯፣ ማለትም 1887 ነው። በአጉሊ መነጽር አንበሳውን እዩ። በ1887 እና በ1889ኙ ብር የግራ የፊት እግሩን ያነሳል፤ በ1892 እና በ1895ቱ ደግሞ የቀኙን። የግዕዙ ቁጥር ተፍቆ ባይነበብ እንኳ እግሩ ይረዳችኋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት። የጃንሆይ ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ ይላሉ። ሥራ ላይ የዋሉት ግን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው፤ ቀኑ የንጉሡ ልደት ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሲቀረጹም ያው 1936 አልተነካም። ታዲያ በምን ይለያሉ? ስሙኒውን፣ ማለትም 25 ሳንቲሙን፣ እዩት። የመጀመሪያው ክብ ነው። ሰዉ መዳቡን ብር ቀብቶ ሽልንግ (50 ሳንቲም) ነው እያለ ስላስቸገረ፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ የሚል ሌላ ተሠራ። ሽልንጉ እውነተኛ ብር ነበረበት፤ መጀመሪያ 80 በመቶ፣ በኋላ 70። ይሄን በዓይን አትለዩትም።

የደርግ ሳንቲም፣ በሬ የሚጠምደው ገበሬና ኒያላው ያሉበት፣ ፲፱፻፷፱ ይላል። እሱም ያው 1969 እየተጻፈበት ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል። በእጃችሁ ኪሎ ሙሉ ቢኖር አትደሰቱ፤ የለመድነው ሳንቲም ነው።

ወደ ወረቀት ገንዘብ ስንመጣ ነገሩ ይገርማል። የ1937ቱ ኖቶች ዓመት የላቸውም። የሚለያቸው ኖቶቹን ያወጣው የመንግሥት ባንክ ገዥ ፊርማ ነው፤ ገዥዎቹ ሁሉም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ብላወርስ፣ ቀጥሎ ቤኔት፣ ከዚያ ሮዜል። ብላወርስ ያለበት ቀዳሚው ነው። ከ1989 ጀምሮ የታተሙት ኖቶች ግን በኢትዮጵያና በፈረንጅ ዓመት ተጽፎባቸዋል፤ እዚያ ዓመቱን ማመን ትችላላችሁ።

ኖት ላሚኔት አታስደርጉ፤ እባካችሁ። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ አይላቀቅም፤ ዋጋውም አብሮ ይሞታል። በፕላስተር መለጠፍም እንደዚያው። ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ሳይታጠፍ ይቀመጥ። በመስከረም 2013 ከተቀየሩት የድሮ 10፣ 50 እና 100 ብሮች ካገኛችሁ ደግሞ ባንክ አትሂዱ፤ የመቀየሪያው ጊዜ አልፏል። እዚያ መስኮት ጋ ተቀምጬ ቢሆን የምመልሰው ይሄንኑ ነበር።

ለመሸጥ ከፈለጋችሁ ለመጀመሪያው ገዢ አትስጡ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆችና የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ተመሳሳይ ዋጋ አይሰጧችሁም፤ ወርቅ ቤቱ ብሩን በግራም ነው የሚያየው። የአክሱም ሳንቲም ነኝ የሚል ትንሽ ወርቅ ወይም መዳብ ከመጣባችሁ አትግዙ፤ ወይ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ ከመሬት የወጣ ቅርስ ነው። ውጭ ለሚኖር ልጅ ልትልኩ ካሰባችሁም መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ፤ ቦሌ ላይ ከተያዘ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።