ኮምፒውተሩ ያንኑ መልእክት ሲደጋግም

አክስቴ አራት ኪሎ ነው የምትኖረው። ክረምት ላይ ደወለችልኝ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ኤፍ 1 ተጫኝ ይለኛል። ስጫነው ይከፈታል፤ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ ይላል" አለችኝ። ሁለት የተለያየ ችግር መስሏት ነበር። ምንጩ ግን አንድ ነው።

ምልክቱ፦ ዴስክቶፑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ስለ "ሲሞስ" (የኮምፒውተሩን ቀንና ቅንብር የሚይዝ ትንሽ ማስታወሻ) የሚያወራ ጽሑፍ ይመጣል። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ጂሜይል ስትከፍቱ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላችኋል።

ምክንያቱ፦ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ወይም ማታ ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትሞታለች። ድረ ገጾች ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ማረጋገጫ አላቸው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ ብራውዘሩ አላምንም ይላል።

መፍትሄው፦ ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ባትሪዋን የያዘቻትን ትንሽ ብረት በጥፍር ገፋ ስታደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ እናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ አስገቡ። አዲሷን ባትሪ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወይም ሰዓት ጠጋኞች ጋ ጠይቁ።

ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ! የአክስቴ ልጅ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ቀረ። ባትሪ ተቀይሮም ጂሜይሉ አልከፈት ያለው ለዚህ ነበር። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ነው። የዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም፤ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው መልእክት መብራት በሄደ ቁጥር የሚመጣው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን እየመረመርኩ ነው ይላል፣ ወይም ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ስለተቋረጠ ነው። መጀመሪያ የልጆቹን ፎቶና የትምህርት ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይሄን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ። ከዚያ ሲ ድራይቩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ በሉ። በሥርዓት እያጠፋችሁትም መልእክቱ ከቀጠለ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩት። ስታቢላይዘር አለኝ የሚል ብዙ ሰው አለ። ስታቢላይዘር ኃይሉን ያመጣጥናል እንጂ መብራት ሲሄድ አይዝም። የሚይዘው ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ መሣሪያ ነው፤ ያውም ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉ ድረስ ብቻ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል የሚለው መልእክት ብልሽት አይደለም። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሳድጉት።

ሰማያዊ ስክሪን ከሆነ ኮዱን ቶሎ በስልክ ፎቶ አንሱ። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ አቧራ ወይም የላላ ራም (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የማስታወሻ ካርድ) ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፤ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ በቀስታ ጠርጉና ቀጭ እስኪል መልሱት። ካልተሻለው ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ያንን ፎቶ አሳዩት።