ከደሴ ወደ በርሊን፦ ለአዲስ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መመሪያ

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት የሚባለው ሴሚስተር (ለእኛ እንኳ በጋ ነው) የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ፣ ምእመናን ግሸን ማርያም ከሚወጡበት ዕለት ጋር ስለሚገጥም፣ ከወሎ የሚነሣ ተማሪ ጓዙን የሚሸክፈው በመስቀል ሰሞን፣ እናቱ ቅቤ እያነጠረች ቋንጣ እያሰረችለት ነው። ለእናት እምቢ ማለት ቢከብድም ይህን ስንቅ ለቤተሰብ ተዉት፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣው ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ከተገኘበትም ይወረሳል። በርበሬና ሽሮ በዚህ ክልከላ ውስጥ የሉም፤ ማርም ለራስ ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ፓስፖርቱን፣ የዩኒቨርሲቲውን የቅበላ ደብዳቤ፣ የትምህርትና የልደት ማስረጃዎቹን ዋና ቅጂ፣ የጤና መድኑንና የዝግ ሂሳቡን (ለኑሮ ወጪ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ የሚቀመጥበትን የባንክ ሂሳብ) ማረጋገጫ ግን በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጓቸው።

በርሊን ከገባችሁ በኋላ ሌላው ጉዳይ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ እርሱም አንሜልዱንግ የሚባለው የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ ነው። ሕጉ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድትመዘገቡ ያዝዛል። ምዝገባው የሚከናወነው ቡርገርአምት በተባለው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከ12ቱ የበርሊን ወረዳዎች በየትኛውም መመዝገብ ስለሚቻል ሰፈራችሁ ካለው ብቻ ቀጠሮ አትጠብቁ። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በላይ ቢርቅ፣ ቀድማችሁ እንደያዛችሁ የሚያሳየውን ማረጋገጫ አትማችሁ አስቀምጡ። ከፓስፖርቱና ከቅጹ ሌላ የሚጠየቀው፣ አከራዩ «እዚህ ቤት ገብቷል» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ በጀርመንኛ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ ይባላል፤ ስሙን እስክትጠሩት ትንፋሽ ያልቃል።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአገር ልጅ «ቤቴ ቤትህ ነው፣ አብሽር» ብሎ ቢቀበላችሁ ከልቡ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ተከራይ ከሆነ ያለ አከራዩ ፈቃድ ያን ወረቀት ሊፈርምላችሁ ይቸገር ይሆናል። ስለዚህ ገና ከደሴ ሳትነሡ «መመዝገብ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የማይኖሩበትን አድራሻ በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎችም ስላሉ ተጠንቀቁ፤ እንዲህ ያለ የሐሰት አድራሻ መስጠት እስከ 50,000 ዩሮ ሊያስቀጣ ይችላል። ላላያችሁት ክፍልም ቅድመ ክፍያ አትላኩ።

ከምዝገባው ቀጥሎ ያለው የፖስታ ሣጥኑ ነው። በበርሊን የአፓርታማ ቁጥር እምብዛም ስለማይሠራበት ደብዳቤ አመላላሹ የሚያየው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ፓስፖርታችሁ የአያታችሁን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ከጻፈው፣ ደብዳቤው የሚመጣው በአያታችሁ ስም ነው። እኔ ሣጥኑ ላይ የራሴንና የአባቴን ስም ብቻ ለጥፌ ሳለሁ፣ ስጠብቀው የነበረው የባንክ ካርድ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ተብሎ ተመልሶብኛል፤ አያቴም ቢሰሙ የሚገረሙ ይመስለኛል። በመሆኑም በፓስፖርቱ ያለውን ሙሉ ስም በገባችሁበት ቀን ለጥፉ፤ ከምዝገባው በኋላ የሚመጣው ባለ 11 አኃዝ የግብር ቁጥርም፣ ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ፣ በዚሁ ፖስታ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከፍርድ ቤት የሚላከው ቢጫ ፖስታ ከመጣ ፖስታውን አትጣሉት፤ የመልስ ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ፖስተኛው በላዩ ላይ ከጻፈው ቀን ጀምሮ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በዝግ ሂሳቡ ያስገባችሁት በየወሩ እየተከፈለ እንጂ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ያም የሚሆነው ተራ የባንክ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ሌላ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል። ኪራይ ሲነገራችሁ «ቀዝቃዛ» ነው ወይስ «ሙቅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀዝቃዛው ማሞቂያንና ሌሎች ወጪዎችን ያልጨመረ ነው። መያዣ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ እንዳይበልጥና በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ሕጉ ይፈቅድላችኋል። የመኖሪያ ፈቃዱን ደግሞ ቪዛችሁ ከማለቁ በፊት ለኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤቱ አመልክቱ።

ሰዓት ሁለት ዓይነት ወጥመድ አለው። 14:30 የኛ 8 ሰዓት ተኩል እንደሆነ ቶሎ ትለምዱታላችሁ፤ ነገር ግን ጀርመናዊ «ሃልፕ ድራይ» ሲላችሁ ቃሉ «ግማሽ ሦስት» ቢሆንም 2:30 እንጂ 3:30 ማለቱ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጠሮን ሁልጊዜ በአኃዝ አስጽፉ። በፈረንጆቹ ጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ወደ ሁለት ሰዓት ያድጋል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ብትደውሉ ደሴ 4 ሰዓት ሆኖ እናታችሁን ከእንቅልፍ ትቀሰቅሳላችሁ። የጦሳን ብርድ የለመደ ሰው ቅዝቃዜውን ይችለዋል፤ የሚከብደው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ፀሐይ ከ10 ሰዓት በፊት መጥለቋ ነው። በዚያ ወር ከሰዓት በፊት ደጅ መውጣትን ልማድ አድርጉ።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የምትደርሱ ከሆነ በዋናው ባቡር ጣቢያ ያሉት ሱቆች እሑድም ክፍት ናቸው። ሐላል ሥጋ ከቱርኮች ሱቅ በቀላሉ ይገኛል።

ቡና ማፍላት ስትፈልጉ ደግሞ ጣሪያውን ተመልከቱ፤ በየክፍሉ ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ አለ። ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ መሣሪያውን ግን አትንቀሉት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ የሚከበርበት ጊዜ ስለሆነም ሙቀጫውን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። ለጎረቤት አንድ ስኒ ይዛችሁ ብታንኳኩ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ እኔ ግን ሣጥኔ ላይ የጎደለውን ስም ያስተዋለልኝን ሰው ያገኘሁት እንዲያ አንኳኩቼ ነው።