የኦረንሽታይን ኡንድ ኮፔል ሎኮሞቲቭ መቼ እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል?

ኦረንሽታይን ኡንድ ኮፔል ለማዕድን፣ ለእርሻና ለግንባታ ሥራ በጠባብ ሐዲድ የሚሄዱ ሎኮሞቲቮችን የሠራ የጀርመን ኩባንያ ነው። ቆሞ የቀረ ሎኮሞቲቭ ቢያገኙ ከታርጋው ይልቅ ብረቱን ይመኑ። የነሐስ ታርጋ ይሰረቃል፤ ከሌላው ተነቅሎም ይለጠፋል።

የፋብሪካው ቁጥር ቢየላዎቹ (መንኮራኩሮቹን የሚያያይዙት የብረት ዘንጎች) ላይ ተመትቶ ይገኛል። ግራሶውን በላምባ አርሰው በጨርቅ ያንሱ፤ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለው ይጥረጉ። ግራይንደር ፈጽሞ አያስጠጉ፤ ምቱ ጥልቀት ስለሌለው አንዴ ከተፋቀ አለቀ። የጸዳውን ቦታ ጠመኔ ቀብተው በመዳፍ ሲያብሱት ነጩ ቁጥሩ ውስጥ ይቀራል። 3 እና 8 እንዳይምታቱ ባትሪ ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሱ።

የግራና የቀኙ ቁጥር ላይስማማ ይችላል፤ ጋራዦች የአንዱን ዕቃ ለሌላው ይገጥሙ ነበርና። ያን ጊዜ ይበልጥ የሚታመነው ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ሻንሲ እንደ ቢየላ በቀላሉ አይቀየርም። ቦይለር የራሱ ቁጥር አለው፤ ከዚህ ጋር አይደባልቁት።

የሐዲዱን ስፋት በሜትሮ ይለኩ። ትክክለኛው ልክ በሁለቱ ሐዲዶች ራስ የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለው ነው። ሐዲድ ከሌለ በመንኮራኩሮቹ የውስጥ ፊት መካከል የሚያገኙት ልክ ከሐዲዱ ስፋት ያንሳል። በዓይን መገመት አያዋጣም፦ የአስመራ–ምጽዋ መስመር 950 ሚሊ ሜትር፣ የቀድሞው የድሬዳዋ–ጅቡቲ 1000 ነው።

ታርጋው የሚጠቅመው ዘመን ለመለየት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቤኖ ኦረንሽታይንና አርተር ኮፔል ኩባንያውን በ1876 በርሊን መሠረቱ፤ በ1885 ተለያይተው ኮፔል የውጭ ገበያውን ያዘ። ስለዚህ የኮፔል ስም ብቻ ያለበት ታርጋ ሁለቱ ኩባንያዎች በ1909 እንደገና ከመዋሃዳቸው በፊት የነበረውን ጊዜ ያመለክታል። የራሳቸውን ሎኮሞቲቭ መሥራት የጀመሩት በ1892 ነው፤ ከዚያ በፊት ተሠራ ከተባለ ይጠራጠሩ። መሥራቹ ኦረንሽታይን አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች ኩባንያውን ከቤተሰቡ ነጥቀው በ1941 ስሙን ሳይቀር ቀየሩት። ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን አቅራቢያ ባበልስበርግ የነበረው የኩባንያው ፋብሪካ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እጅ ገብቶ በካርል ማርክስ ስም ተጠራ።

በመጨረሻ ቁጥሩን፣ ስፋቱንና የአክሰሉን ብዛት አንድ ላይ ይዘው ከፋብሪካው የርክክብ መዝገብ (እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ መቼ ለማን እንደተሰጠ የተጻፈበት) ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ ገጥሞ ስፋቱ ካልገጠመ ሎኮሞቲቩ በኋላ ለሌላ ሐዲድ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።